ጋሽ ታደሰ መኪና ውስጥ ካልሲ የሚቀይሩበት ምክንያት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በመስኮት ወደ ታች ስመለከት የጋሽ ታደሰ መኪና ቆማለች። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሰውየው ግን አይወርዱም። በሩን ከፍተው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ ጎንበስ ብለው ይታገላሉ። ልጄ ሰሚራ ልጆቿን ይዛ መጥታ ስለነበር አጠገቤ ቆማ አየች።

«አባዬ፣ ጋሽ ታደሰን አመማቸው እንዴ? ወርጄ ልያቸው?»

«ምንም አልሆኑም። ካልሲ እየቀየሩ ነው።»

«ካልሲ? መኪና ውስጥ?»

«አዎ። እኛ ቤት ሊገቡ ሲሉ ሁሌም ይቀይራሉ።»

«የሽማግሌ ነገር!» ብላ ስቃ ወደ ልጆቿ ሄደች። ጋሽ ታደሰ ካልሲ መቀየር የጀመሩት በእሷ ምክንያት መሆኑን አታውቅም። ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ አንዱ እኔ፣ ሁለተኛው ሐጂ ኡስማን። ሐጂ ዘንድሮ በብርዱ ወራት ወደማይቀረው ሄዱ፣ አላህ ይዘንላቸው። ስለዚህ አሁን ባወራው ቃሌን በላ የሚለኝ የለም።

ነገሩ የሆነው ቤንዚን እሳት የሆነ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አልይዝም፤ እኔ ዓመት የማስታውሰው በዕቃ ዋጋ ነው። ጋሎኑ አራት ዶላር ሊገባ ሲል ታክሲ የሚነዱት ወገኖቻችን ሁሉ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ያኔ የምንኖረው ቪከሪ ሜዶ የሚባል የስደተኛ ሰፈር ነው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ወገን «ይማርህ» የምንልበት አፓርታማ። አሁን ያን ሕንፃ አፍርሰው በመስታወት የተሸፈነ ሌላ ነገር ሠርተውበታል፤ በዚያ ሳልፍ አንገቴን አዞራለሁ። ፓርክ ሌን ባቡር ጣቢያ ወርደህ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ፣ ጥጉ ላይ አንዲት ሜክሲኳዊት በጋሪ የተቀቀለ በቆሎ ትሸጥ ነበር፤ ቅቤና በርበሬ ቀብታ፣ ሁለት ዶላር። ከእሷ ቀጥሎ የሐበሻ ሱቅ አለ። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ፣ በሳንቲም ፍቀህ ቁጥሩን የምታወጣው፣ የሚገዛው እዚያ ነው። ወንዱ ሁሉ የሚታጠፈውን ስልክ በቆዳ ኪስ አድርጎ ቀበቶው ላይ ይሰካ ነበር፣ ሽጉጥ የታጠቀ ይመስል። ከማታ ሦስት ሰዓት በኋላ ደቂቃው ነጻ ስለሚሆን ያቺ ሰዓት ስትደርስ ሰፈሩ ባንድ ጊዜ «ሄሎ! ሄሎ! ይሰማል?» ይሆናል። ልጆቹ ሰፊ ሱሪ ለብሰው መኪናቸውን ፓርክ አድርገው የወሎ ዘፈን በሲዲ ይከፍታሉ፤ ባቲ ቅኝት በሞቃት አስፋልት ላይ ሲፈስ፣ በርማውም ሶማሌውም በረንዳው ላይ ወጥቶ ያዳምጣል። ማንም ዝም በሉ አይልም።

የምሠራው የበረዶ መንሸራተቻ ዕቃ የሚያከራይ ሱቅ ነው። ዳላስ ውስጥ። አዎ፣ በረዶ በሌለበት አገር። በዓመት አንድ ቀን በረዶ ነገር ጠብ ሲል ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ መኪና ሁሉ ገደል የሚገባበት ከተማ ውስጥ የስኪ ሱቅ አለ ቢሉኝ እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ለካ የቴክሳስ ሰው የትምህርት እረፍት ሲመጣ ልጆቹን በመኪና ጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ኮሎራዶ ይሄዳል። እዚያ ከተራራ ላይ ይወድቃል፣ ከፍሎ ይወድቃል፣ ተመልሶ ይመጣና ጫማውን ለእኛ ያስረክባል። የኔ ሥራ ያን ጫማ መቀበል ነበር።

የስኪ ጫማ አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ። ውጪው እንደ ሞተር ሳይክል ቆብ የደረቀ ፕላስቲክ ነው፤ ብረት መቆለፊያ አለው። ውስጡ ሌላ ጫማ አለ፣ ወፍራም ስፖንጅ፤ ላይነር ይሉታል፣ ተስቦ ይወጣል። ሰው ቀኑን ሙሉ በዚያ ውስጥ ያልበዋል። በረዶውም ይገባበታል። ከዚያ ሳምንት ሙሉ መኪና ኋላ ታፍኖ ይከርማል። ሽታው እንዲህ ነው ብዬ ብነግራችሁ ምሳችሁን አትበሉም። ባለሱቁ ሚስተር ራንዲ የሰጠኝ መድኃኒት አንድ ጠርሙስ የሚረጭ ሽቶ ነው። «ሰይድ፣ ሁለት ጊዜ ስፕሬይ አድርግና መደርደሪያ ላይ መልስ» ይለኛል።

እኔ ይህ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ድስት ሲቆሽሽ ይታጠባል። ሕፃን ሲቆሽሽ ይታጠባል። ሰው እንኳ ሞቶ ይታጠባል። ያልታጠበ ነገር ላይ ሽቶ መርጨት ውሸት ነው። ይህንኑ ለሥራ ባልደረባዬ ለቹይ ነገርኩት። ቹይ ሜክሲኳዊ ነው፣ ከኔ በዕድሜ ትንሽ የሚያንስ፤ ጫማውን በመዶሻና በሙቀት እያስተካከለ ለሰው እግር ልክ የሚያደርግ እሱ ነበር። እጁን አወናጨፈብኝ። «ሰኞር ሰይድ፣ ዋተር ኖ! ዋተር ባድ!» እኔም «ውሃ እንዴት ባድ ይሆናል? አንተ ነህ ባድ» አልኩት በአማርኛ። ሳቀ፤ አልገባውም።

ሚስተር ራንዲ ራሱ ሊንሸራተት በሄደበት ሐሙስ ዕለት፣ የባሰባቸውን ጫማዎች መርጬ በትልልቅ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት አጭቄ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ላይነሮቹን አወጣሁ፣ ባኞውን በሙቅ ውሃ ሞላሁ፣ ሳሙና ጨመርኩ፣ በእግሬ ረገጥኳቸው፣ እንደ ጋቢ። ውሃው ቡና መሰለ። ደስ አለኝ! «አየሽ?» አልኳት ባለቤቴን ዘይነብን፣ «ይህ ሁሉ እድፍ በሽቶ ሊሸፈን ነበር።» ዘይነብ ባኞውን አይታ «ነገ ሰው ገላውን የት ሊታጠብ ነው?» ብላ በሩን ዘጋችው።

በረንዳ ላይ አሰጣኋቸው። ሲነጋ የአፓርታማው ማናጀር ቢጫ ወረቀት ይዛ መጣች። በረንዳ ላይ ዕቃ ማስጣት ክልክል ነው።

«እኔ አገር የታጠበ ነገር በፀሐይ ነው የሚደርቀው» አልኳት።

«ሰር፣ እዚህ ዳላስ ነው» አለችኝ።

«ፀሐይዋ አንድ ናት።»

«ሰር፣ አውርደው።»

አወረድኩ። ቅርጻቸው እንዳይበላሽ ብዬ ውሃ እንደጠጡ ወደ ፕላስቲኩ መለስኳቸው፤ መቆለፊያውን አጠበቅሁ፤ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ፤ በሩ ሥር ካለው ክሎዜት፣ ግድግዳ ውስጥ ከተሠራው ቁም ሳጥን፣ አስገብቼ ዘጋሁት። ከታጠበ አይሸትም፣ ይሄ ነበር ሐሳቤ። ያ ሳምንት ደግሞ ቴክሳስ በማርች የበጋዋን ሙቀት አመጣችብን። ከዓርብ እስከ እሑድ ጫማዎቹ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ሥራቸውን ሠሩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ጫማ ጋር የዋለ አፍንጫ አይሠራም። የኔ ሞቶ ነበር። ዘይነብ ቅዳሜ ማታ አጠገቤ ቁጭ ካለች በኋላ ብድግ ብላ ሄደች።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህን ታጠብ።»

«እኔን? በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ የምታጠበውን?»

«እንግዲያው ስድስተኛ ጨምርበት።»

ታጥቤ መጣሁ። እንደገና ብድግ አለች። በዚያ ተኮራርፈን አደርን።

እሑድ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነበር። ሰሚራ ያኔ ሆስፒታል ነርስ ረዳት ሆና ትሠራለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጀማል የሚባል አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ወዷታል፣ ወዳዋለች። እኔ እንደማላውቅ ሆኜ አውቃለሁ፤ የአባት ደንቡ ነው። ጀማልም ባለጌ አልነበረም፤ በወጉ ሽማግሌ ላከ። ሐጂ ኡስማን፣ ረዥሙ፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱት፣ ነጭ ጀለቢያ ላይ ጥቁር ኮት ደርበው። ጋሽ ታደሰ፣ ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫታቸው ከሆዳቸው በላይ የቀረች። ጋሽ ታደሰ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን እኛ የወሎ ሰዎች ነን፣ ሽምግልና እስላም ክርስቲያን ሳንል አብረን ነው የምንሄደው፤ ንግግር ደግሞ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ከማል፣ የጀማል አጎት፣ ዝምተኛ። ከአርሊንግተን በሐጂ ታክሲ መጡ። ባቡር የለም እዚያ።

በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ክሎዜቱ አጠገብ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ታደሰ። ወጉ እንዲህ ነው።

«ኧረ ቁጭ ብላችሁ ተናገሩ።»

«አንቀመጥም፣ ሰይዶ። ልጅ ለመጠየቅ የመጣ እግሩ ቆሞ ነው።»

ሌላ አባት ቢሆን ሁለት ሦስቴ ለምኖ ያስቀምጣቸው ነበር። እኔ ግን ወግ ሲሆን አጥብቄ ነው የምይዝ። ይቁሙ፣ አልኩ በልቤ። የልጁን አባት ጠየቅሁ፣ የአያቱን አገር ጠየቅሁ፣ ደሴ ከሆነ የትኛው ሰፈር፣ ሶላት ይሰግዳል ወይ፣ ትምህርቱን መቼ ይጨርሳል። እነሱ ያን ሁሉ ጊዜ በካልሲ ቆመው፣ የዘጋሁት የመሰለኝ የክሎዜቱ በር በነሱ ጀርባ ትንሽ ገርበብ ብሎ።

ጋሽ ታደሰ ንግግራቸውን አሳምረው ጀምረው ነበር። «ከሩቅ አገር መጥተን በሩቅ አገር ዘመድ እንሁን ብለን…» ካሉ በኋላ ቆም አሉ። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። ወደ እግራቸው ተመለከቱ። ከዚያ አንዱን እግር በሌላው ላይ ደረቡት፣ በአንድ እግር እንደ ሽመላ። «…ዘመድ እንሁን ብለን…» አሉ ደግመው፣ የቀረው ጠፋቸው። ሐጂ ኡስማን ጀለቢያቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ። ከማል ቀስ እያለ ወደ ጎን ሄዶ ኩሽናው ጋ ብቻውን ቆመ። እኔ ምንም አይሸተኝም፤ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው እያልኩ ነው።

በመጨረሻ ሲቀመጡ እግራቸውን ሶፋው ሥር ደበቁ። ዘይነብ ምግብ ልታቀርብ ስትነሳ ሐጂ ብድግ አሉ። «ይቅርታ አድርጉልን፣ ኤርፖርት ተራ ደርሶብኛል።» ጋሽ ታደሰ «አዎ አዎ፣ ተራ ደርሶባቸዋል» አሉ፣ ታክሲ እንኳ አይነዱም። የጫማቸውን ክር ሳያስሩ ደረጃውን ወረዱ።

ቀጠሮ አልሰጠኋቸውም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በኛ ወግ ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ የሴት ልጅ አባት እሺም እምቢም አይልም፤ «ዘመድ ላማክር፣ በዚህ ቀን ተመለሱ» ይላል። ሽማግሌው በዚያ ቀን ይመለሳል። ቀጠሮ ካልተሰጠው አይመለስም፤ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። እነሱ ደግሞ ሳልሰጣቸው ሄዱ። የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ አይጠራም። ሽማግሌ ያለ ቀጠሮ አይመጣም። በቃ።

ዘይነብ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። «ሸተትናቸው! ልጄን በጠረን መለሱብኝ!»

«ምን ሸተተ?» አልኳት።

«አንተ!»

ሰሚራ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ ያን ሁሉ ጊዜ በሩን ዘግታ ነበር። የተዘጋጀውን ሳህን ሁሉ ያለ ድምፅ ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ ሥራ ሄደች።

ሰኞ ከረጢቶቹን ተሸክሜ ሱቅ ገባሁ። ቹይ አንዱን ከፈተና ወደ ኋላ ዘለለ። መስቀል አማተበ። «ሰኞር! ማን ሞተ?» አለ። ጠረኑ ጎረቤት ሱቅ ደረሰ መሰለኝ፣ አንዲት ሴት መጥታ ጋዝ ፈሰሰ ወይ ብላ ጠየቀች። ያኔ ነው የገባኝ። የኔም እግር አይደለም፣ የማንም እግር አይደለም። ጫማው ነው።

ቹይ ያን ቀን አልሳቀብኝም፤ ስለ ልጄ ነግሬው ነበርና። ጫማውን አንድ በአንድ አወጣ። «ሰኞር፣ ቆሻሻ አይደለም የሚሸተው፤ እርጥበት ነው» አለኝ በምልክትም በእንግሊዝኛም። ላይነሩን ከፕላስቲኩ አወጣ። ወለሉን፣ የታችኛውን ንጣፍ፣ ለብቻ አወጣ፤ እኔ ያ ንጣፍ እንደሚወጣ እንኳ አላወቅሁም ነበር። ጨርቅ አቼቶ በተቀላቀለበት ውሃ ነክሮ ጨመቀና ጠረገው፤ ላይነሩን ነክሮ አይደለም፣ ጠርጎ። ከዚያ ጋዜጣ ጨምድዶ ጠቀጠቀበት። ጋዜጣው ሲረጥብ ሌላ ይቀይራል። ከዚያ ቬንቲሌተር ፊት ለፊት አፋቸውን ከፍቶ ደረደራቸው። እኔ ማሞቂያ ላስጠጋ ብል እጄን መታኝ፤ ሙቀት ስፖንጁን ያጣምመዋል። ሲደርቅ በንጹሕ ካልሲ ቤኪንግ ሶዳ ሞልቶ ቋጠረና በየጫማው ውስጥ አንዳንድ አስቀመጠ። «ማኛና» አለኝ፣ ነገ። ነገ አልጠፋም፤ ቀነሰ። ከነገ ወዲያ ቀነሰ። ትዕግሥት ነው መድኃኒቱ፤ እኔ ደግሞ እሱ ነው የሚያንሰኝ።

ከዚያ በኋላ ያንን ነው የምሠራው። የሐበሻ ሱቅ በነጻ የሚታደለውን የአማርኛ ጋዜጣ በክንዴ ሙሉ እያመጣሁ እጠቀጥቃለሁ። ፊደል የማንበብ ልምዴ የጨመረው ያኔ ነው፤ ከመጨምደዴ በፊት አርዕስቱን አያለሁ። ስለ ምርጫ ይጽፋሉ፣ ስለ ቤት ዋጋ ይጽፋሉ። ዘይነብ የኔን አሮጌ ካልሲ ታጥባ ቤኪንግ ሶዳ እየሞላች ትቋጥርልኛለች፤ አንዱን ያ ክሎዜት ውስጥ ሰቀለችው። ቤቱ ሽታ የለውም አሁን። ግን ማንም አይመጣም።

ሳምንታት አለፉ። ሰሚራ ከጀማል ጋር የምታወራው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ። ግድግዳው ስስ ነው ብያለሁ። «ምን አሉ?» ትላለች። ዝም። «እሺ ሐጂስ?» ዝም። «‹ሥራ በዛብኝ› አሉ? እንዴት አንድ ወር ሙሉ ሥራ ይበዛል?»

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ደውልላቸው።»

«የሴት አባት አይደውልም። ልጄን ውሰዱልኝ ብሎ ለመነ ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው? ዳላስ ውስጥ ማን ነው እንደዚህ የሚል?»

«እኔ እላለሁ።»

ሳቅ አማራት፣ ግን አልሳቀችም። «ጀማል ሂውስተን ሥራ አግኝቷል። ጁን ላይ ይሄዳል። እናቱ ደግሞ ከአገር ቤት ሌላ ልጅ አይተውለታል፤ ‹የሰሚራ ቤተሰብ ካልፈለገን ምን እንጠብቃለን› አሉት። እና… አንተ ሳትፈቅድ ኒካ አላስርም፤ እሱን እንዳትፈራ። ግን እንዲሁ ዝም ብሎ ሲያልፍ ማየት ነው የከበደኝ።»

ሻዬ ቀዘቀዘ። እነሱ ንቀውናል፣ ቤታችንን ተጸይፈው ነው የሄዱ፤ እንዴት ብዬ እሄዳለሁ? ይሄ ነበር ልቤ ውስጥ ያለው።

በሳምንቱ ጁምዓ መስጊድ ቀደም ብዬ ሄድኩ። መታጠቢያው ጋ ስገባ ሐጂ ኡስማን ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ውዱእ አይደለም የሚያደርጉት። ሳሙና ይዘው፣ ትንሽ ብሩሽ ይዘው፣ የእግራቸውን ጣት መሐል ለመሐል ይፈትጋሉ፣ እስኪቀላ። አደረቁ። ከኪሳቸው ዱቄት አውጥተው ነሰነሱ። ከዚያ ከነወረቀቱ አዲስ ካልሲ ቀደው አወጡና አጠለቁ። ቀና ሲሉ አዩኝ። ሐጂን ያህል ሰው፣ እንደተያዘ ሌባ ፊታቸው ተለዋወጠ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ጥርግ ብለው ወጡ። ስንሰግድ ድሮ ጎኔ ነበር የሚቆሙት፣ እግር ለእግር ገጥመን። ያን ቀን መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ ሥር፣ ብቻቸውን ቆሙ።

ስግደቱ ላይ ልቤ የት ነበር አትበሉኝ። ገባኝ። ንቀውን አይደለም። አፍረው ነው።

ሶላቱ ሲያልቅ ፓርኪንግ ላይ ያዝኳቸው።

«ሐጂ፣ ስለ ጋብቻ አላወራም። ወጌን አላፈርስም። ስለ ጫማ ነው የማወራው።»

«የምን ጫማ?»

የመኪናዬን የኋላ ትራንክ ከፈትኩ። ቹይ «ይህ አይድንም፣ ጣለው» ያለኝ አንድ አረንጓዴ ጫማ ከረጢት ውስጥ ነበረኝ። ፈታሁት።

«ያሽትቱ።»

ጎንበስ አሉ። «አስተግፊሩላህ!» ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ቆዩ። ተመልሰው መጡና እንደገና አሸተቱ፤ በደንብ፣ እንደ ሽቶ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው። ክሎዜት ውስጥ ነበር። እናንተ ጀርባ።»

«የኔ እግር አይደለም?»

«አይደለም።»

ሐጂ የመኪናዬን ጣሪያ ይዘው ሳቁ። ሰው እየዞረ ያየናል። «እኔ እኮ ስኳር ያዘኝ መስሎኝ ሐኪም ቤት ሁሉ ሄድኩ! ሚስቴን ከሶፋ ላይ አባርሬ ብቻዬን ነው የምቀመጥ!» ድንገት ሳቃቸው ቆመ። «ወይ ጉዴ! ታደሰ!»

«ጋሽ ታደሰ ምን ሆኑ?»

«ያን ሰሞን ደወለልኝ። ‹ሐጂ፣ ይቅር በሉኝ፤ በእግሬ ሽምግልናውን አበላሸሁባችሁ› አለኝ። ሚስቱ እግሩን በአቼቶ ስትዘፈዝፈው ሰንብታለች። እኔ ደግሞ…» ጺማቸውን ያዙ። «እኔ ደግሞ የኔ እግር መሆኑን በልቤ እያወቅሁ፣ ማለቴ መስሎኝ፣ ‹አብሽር ታደሰ፣ ይቅር ብዬሃለሁ› አልኩት። ይቅር ብዬዋለሁ እኮ ሰይድ! አሁን ምን ልበለው?»

«እውነቱን ይንገሩት።»

«አንተ ሞኝ ነህ? መስጊድ በር ድረስ መጥቶ ነው የሚስቅብኝ። ወላሂ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ታደሰ ይህን አይሰማም። ቃል ግባ።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም፤ ያለውን መናገር ነው ልማዴ። ግን የልጄ ነገር እጃቸው ላይ ነበር። ቃል ገባሁ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ቀጠሮ ባትሰጠንም የጫማችንን ክር ሳናስር ነው የወጣን፤ ሽምግልናው አላለቀም ማለት ነው። እሑድ እንመጣለን።» እንዲህ ያለ ወግ ሰምቼ አላውቅም። ግን አልተከራከርኩም።

እሑድ መጡ። ከማል ሽቶ ተቀብቶ፣ ከደረጃው ጀምሮ የሚሸት። ጋሽ ታደሰ ጫማቸውን ሲያወልቁ ካልሲያቸው እንደ ወተት ነጭ፣ የመደብሩ ትንሽ ወረቀት ተረከዙ ላይ እንደተለጠፈ። ሐጂ ኡስማን ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲ የለም። ባዶ እግራቸውን፣ ረዣዥም ጣታቸውን ዘርግተው ምንጣፌ መሐል ቆሙና አዩኝ። ጋሽ ታደሰ የሐጂን ባዶ እግር አይተው በፍርሃት ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ትንሽ ቆይተው በአፍንጫቸው ሳቡ። ምንም። ፊታቸው በራ፤ አዲሱ ካልሲ ያዳናቸው መስሏቸዋል።

«ተቀመጡ» አልኩ።

«የመጣንበትን ሳንናገር…» ብለው ጋሽ ታደሰ ጀመሩ።

«ተቀመጡ፣ ተናግራችኋል። ባለፈው ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ቀጠሮ ስጠን፣ ሰይዶ።»

ከመኝታ ቤቱ በር ሥር የሰሚራ እግር ጥላ ይታየኛል። ቆማ ነበር።

«ቀጠሮ የለም» አልኩ። ዘይነብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ቀጠሮ የለም፣ ዛሬውኑ ሰጥቻለሁ። ልጃችሁ ልጄ ነው።» በዘሬ እንዲህ ያደረገ አባት የለም፤ የሚወቅሰኝ ካለ ይውቀሰኝ። ከበሩ ኋላ እልልታ ሳይሆን አንድ ትልቅ የትንፋሽ ድምፅ ሰማሁ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ይኸው ሰሚራ አሁን ሦስት ልጆች አሏት። ሂውስተን ሄደው፣ ሰልችቷቸው ተመለሱ። ሱቁ ተዘግቶ የስልክ መሸጫ ሆኗል። ቹይ አገሩ ገባ። እኔም አፍንጫዬ ተመለሰልኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ጋር በረዶ ሊንሸራተቱ ሲሄዱ ጫማቸውን መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የሚያመጡት፤ ጋዜጣና ቤኪንግ ሶዳ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ታደሰ ካልሲያቸውን ቀይረው፣ ደረጃውን በዝግታ ወጥተው ገቡ። ጉልበታቸው ደክሟል። ሲቀመጡ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን ሶፋው ሥር አስገቡ። ትንሿ የልጅ ልጄ መጥታ እግራቸው ላይ ተቀመጠች፤ በቀስታ ወደ ጎን ገፋ ሊያደርጓት ሞከሩ፣ እንዳይሸታት ብለው ነው። ይህን ሳይ ነው እጄን ወደ ወረቀት የዘረጋሁ።

ይህ ጋዜጣ ሐበሻ ሱቅ በር ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያነሱት እርስዎ መሆንዎን አውቃለሁ፣ ጋሽ ታደሰ። እግርዎ አልነበረም። ያን ቀንም አልነበረም፣ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን አልነበረም። ሐጂም ያን ጊዜ ይቅር ያሉት የራሳቸውን እግር ነው፤ ይሳቁባቸው፣ እሳቸውም ካሉበት ይስቃሉ። እሑድ ሲመጡ መኪና ውስጥ አይታገሉ። ባዶ እግርዎን ይግቡ።